38 ተመዝግበው 14 ያለፉበት ክፍል ስንት በመቶ አሳለፈ?

በመስከረም 38 ተማሪ የመዘገበ አንድ የማታ 8ኛ ክፍል እናስብ። 6ቱ መልቀቂያ ወስደው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። 13ቱ ምንም ሳይናገሩ ቀሩ። 19ኙ ለፈተና ተቀመጡ፤ ከእነሱ 14ቱ አለፉ። ለተፈተኑት ብቻ ካካፈልን 73.7 በመቶ አልፏል። የተዛወሩትን ቀንሰን ለቀሪዎቹ 32 ካካፈልን 43.8 ይሆናል። መስከረም ላይ መዝገብ ላይ ለነበሩት ሁሉ ካካፈልን ደግሞ 36.8። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ይመሰገናል፣ ሱፐርቫይዘሩ የመጨረሻውን ይዞ ይገሥጻል፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ችግሩ ሦስቱም ቁጥሮች አንድ ስም ይዘው፣ «የማለፍ ምጣኔ» ተብለው፣ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባታቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ በማታ ክፍሎችና በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች ለሚሠሩ መምህራንና አመቻቾች፣ መዝገብ ለሚይዙ ሰዎች፣ እንዲሁም የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከመደበኛው ጎን አስቀምጦ ለመፍረድ ለሚቸኩል ሁሉ አዘጋጅቼዋለሁ። በትንሽ አማራጭ ትምህርት ቤት የዓመቱ መቶኛ በአብዛኛው የሚናገረው ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ነው። ምን እንደተማሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ተማሪ ከገባበት ቀን ጀምሮ በስሙ መከተል አለበት። ሥራው የሚከብድ ይመስላል እንጂ፣ 40 ተማሪ ላለው ክፍል አንድ ባለ መስመር መዝገብና ጥቂት ትጋት ይበቃዋል።

በቅድሚያ ስለየትኞቹ ተማሪዎች እንደምናወራ ግልጽ ይሁን። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ከ7 እስከ 14 ዓመት ሆኗቸው ከመደበኛው ለቀሩ ልጆች የ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍልን ይዘት በ3 ደረጃ፣ በ3 ዓመት አስጨርሶ ወደ 5ኛ ክፍል የሚያሻግር ነው። ሰዓቱ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ይስማማ ዘንድ ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ በሁለቱ ከተሞች ዳር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች እረኛ ልጆችን ጭምር ይይዛል። የማታው ክፍል ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚሰበስበው። ደሴ ላይ ብዙዎቹ ከለጋምቦ፣ ከተንታ፣ ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከጃማ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ከጎናቸው የሱቅ ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሾፌር ይቀመጣል። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካው ሰው ይበዛል፦ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከቢራው፣ ከብረታ ብረቱ፣ በ2009 ሐምሌ ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። በሁለቱም ከተሞች ከዓረብ አገር የተመለሱ አሉ፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡም አሉ። የ15 ዓመት ልጅና የ34 ዓመት እናት አንድ ዴስክ ይጋራሉ።

እንግዲህ የዚህን ክፍል አማካይ ዕድሜ ማስላት ምን ይጠቅማል? ምንም። የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ ተማሪ የትውልድ ዓመት መያዝና ዓመቱ የታወቀ ይሁን የተገመተ ማመልከት ነው። በምዝገባ ቀን «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ ብዙ ጊዜ 15፣ 18 ወይም 20 ትላለች። መዝገቡ ሲጠቃለል በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ክምር ይታያል፤ 16 እና 19 ባዶ ይሆናሉ። መፍትሔው ሰው ሁሉ በሚያስታውሳቸው ነገሮች መጠየቅ ነው። ሚሊኒየሙ ሲከበር፣ መስከረም 2000፣ ተወልደሽ ነበር? መለስ ዜናዊ ያረፉ ጊዜ፣ ነሐሴ 2004፣ ትምህርት ቤት ገብተሽ ነበር? በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ኮሮና ሲመጣስ? ሁለት ጥያቄ ብቻ ግምቱን ከአምስት ዓመት ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያጠብበዋል። የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለመዝገቡ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ምክንያቱም «ከዕድሜ በላይ» ተብሎ የሚቆጠረው ተማሪ ብዛት በዚህ ላይ ይቆማል።

ትምህርቱ የተቋረጠበት ዓመትም እንደ ዕድሜው ያስፈልጋል። «የመጨረሻ ክፍል 3ኛ» የሚል መዝገብ ግማሽ መረጃ ነው። በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ 1ኛ ክፍል የነበረ ልጅ የፊደሉን ግማሽ ሳይጨርስ ወደ 2ኛ ተዛወረ። 3ኛ ክፍል ሲደርስ፣ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ከተሞቹ ነፃ የወጡት በኅዳር መጨረሻ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ወንበራቸውንና ሰነዳቸውን አጥተው ነበር። ሳያቋርጥ የቀጠለ ከሆነ ያ ልጅ በ2018 7ኛ ክፍል ነው። ይህ ትውልድ በንባብ ቢደክም የአሁኑን መምህር ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። «3ኛ ክፍል፣ 2014» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ይህን በአንድ መስመር ይናገራል፤ «3ኛ ክፍል» ብቻ ከሆነ ግን ታሪኩ ይጠፋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ቦታ ደረስኩ፤ እሱም ምደባ ነው። ሰነድ የሌለው ተማሪ ሲመጣ «ያልተማረ» ብሎ 1ኛ ደረጃ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። በእኛ አካባቢ ግን «ትምህርት ቤት አልገባሁም» የሚል ልጅ ባዶ እጁን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ልጅ አለ። አንደኛው የአብነት ተማሪ የነበረ ነው፤ ፊደሉን አጥርቶ ያውቃል፣ ንባቡ ከ4ኛ ክፍል ተማሪ ይበልጣል፣ በወረቀት ላይ መደመር ግን አያውቅም። ሁለተኛው ቁርአን ቤት የቆየ ደረሳ ነው፤ የዓረብኛ ፊደል ያነባል፣ በቃል የመያዝ ችሎታው ከፍ ያለ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ግን አዲሱ ነው። ሦስተኛው ከከሚሴ ወይም ከባቲ በኩል የመጣ ነው፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ 4ኛ ክፍል ድረስ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ግዕዝ ፊደል ማንበብ ስላቃተው ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ይህ ልጅ ክፍልፋይ የሚያሰላ ሆኖ «አንድ ሲደመር አንድ» ሲባል ቢሰለችና ቢቀር ማን ይፈርድበታል? መዝገቡ ላይ ግን የሚጻፈው «አቋረጠ» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ የመግቢያ ምዘና ያስፈልጋል፤ ንባብና ሒሳብ ለየብቻ። ለአንድ ተማሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ለ38 ተማሪ 15 ደቂቃ ቢያዝ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሁለት መምህራን በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ቢሰጡ በአንድ የሥራ ሳምንት ያልቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ ከ231ዱ ፊደል 40 ያህሉን ቀላቅሎ በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ መጻፍ። በገበታው ተራ ከተጻፈ ልጁ በዜማ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይወጣዋል፤ አነበበ ማለት ግን አይደለም። ሳድስና ሳብዕ በደንብ ይካተቱ፣ ቅርጻቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚያ ነው። ቀጥሎ 60 ቃል ያህል ያለው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ያልተወሰደ አጭር ታሪክ። ከመጽሐፉ ከተወሰደ ከታላቅ እህቱ ሰምቶ በቃሉ የያዘው ልጅ አንባቢ መስሎ ያልፋል። ጣቱን በሦስተኛው መስመር ላይ አስቀምጦ «ከዚህ ጀምር» ማለት ይህን ወዲያው ያጋልጣል። አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፣ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይመዘገባሉ፣ ከዚያ ስለ ታሪኩ 5 ጥያቄ በቃል ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት አንዱንም ካላወቀ ወደ ንባቡ መሄድ አያስፈልግም፤ ልጁን በማያውቀው ወረቀት ፊት ማስጨነቅ ጥቅም የለውም።

ሒሳቡ ላይ 5 ቁጥሮች እንዲያነብ ይደረግ (17፣ 70፣ 108፣ 340፣ 1,005)፤ አራት የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ፣ ሁለቱ መያዝና መበደር ያለባቸው፤ ሁለት ማባዛት፤ አንድ ማካፈል። መጨረሻ ላይ በቃል፦ «የ35 ብር ዕቃ ገዝተሽ 100 ብር ብትሰጪ ስንት ይመለስልሻል?» ሱቅ የሚሠሩ ልጆች ይህን ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ይመልሱታል፤ 100 ሲቀነስ 35 ተብሎ በወረቀት ሲሰጣቸው ግን 135 ወይም 75 ይጽፋሉ። ልዩነቱ ለመምህሩ ወርቅ ነው፦ ልጁ የጎደለው ማሰብ ሳይሆን አጻጻፉ ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በሳምንታት ይታረማል። የአማርኛ ቋንቋ የሚከብደው ተማሪ ካለ ሒሳቡን በራሱ ቋንቋ የሚጠይቀው ሰው ይፈለግ፤ ከክፍሉ አንድ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ምዘና ትልቁ ጥቅም ምደባ ብቻ አይደለም። በሰኔ ይኸው ምዘና፣ በሌላ ታሪክና በሌሎች ቁጥሮች፣ ይደገማል። በጥቅምት በደቂቃ 12 ቃል ያነበበች ልጅ በሰኔ 41 ካነበበች፣ ክልሉ በሚሰጠው ፈተና ባትቀመጥ እንኳ፣ ትምህርት ቤቱ የሠራው ሥራ ይታያል። በአንጻሩ በጥቅምት 55 ቃል ታነብ የነበረች ተማሪ በሰኔም 55 ላይ ከሆነች፣ ፈተናውን በ80 ብታልፍም ለንባቧ የጨመርንላት ነገር የለም። ከመደበኛው ትምህርት ቤት ጋር መወዳደር ለማንም አይጠቅምም። ተማሪውን ከራሱ የመግቢያ መነሻ ጋር ማወዳደር ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ስለ ጊዜ ደግሞ እንነጋገር፤ ውጤት ሲነጻጸር ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው። በሳምንት 5 ምሽት፣ በምሽት 3 ክፍለ ጊዜ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ በሳምንት 10 ሰዓት ነው። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ የሚማር የቀን ተማሪ 20 ሰዓት ያገኛል። በ36 ሳምንት 360 ለ720። የይዘቱ መጠን አንድ፣ ፈተናው አንድ፣ ጊዜው ግን ግማሽ። በየሳምንቱ ፈረቃ የሚቀያየርበት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ አንዱን ሳምንት ይማራል፣ አንዱን ይቀራል፤ የቀረለት 180 ሰዓት ነው። የስም ጥሪው ላይ «50 በመቶ ቀሪ» ሆኖ ይታያል። ደንቡን እንደወረደ የሚያነብ ሰው ይህን ተማሪ ያሰናብተዋል። ለእኔ ይህ ተማሪ በሚችለው ምሽት ሁሉ የተገኘ ተማሪ ነው፤ መዝገቡም ይህን መለየት አለበት። በስም ጥሪው ላይ ለተራ ቀሪ አንድ ምልክት፣ ለፈረቃ ቀሪ ሌላ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ከዚያ ማስተማሩን ማስተካከል ይቻላል፦ ከአንድ ፈረቃ የሚመጡት ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ከሆኑ ሒሳብና እንግሊዝኛ በየሁለት ሳምንቱ እየተከለሱ ይሂዱ፤ አዲስ ምዕራፍ ሁለቱም ቡድን በሚገናኝበት ሳምንት ይጀመር፤ የማይገናኙ ከሆነ በቀሩበት ሳምንት የተሰጠው ማስታወሻ በክፍሉ ተጠሪ እጅ ይቀመጥላቸው።

ወሎ ላይ የምናስተምር ሰዎች የረመዳንን ወር ሳንቆጥር የፈተና ሰሌዳ ማውጣት የለብንም። ማፍጠሪያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ከ11 ተኩል እስከ 1 ተኩል የሚሰጥ ትምህርትን መሐል ላይ ይቆርጠዋል፤ ተራዊሕ፣ የረመዳን የምሽት ሶላት፣ ደግሞ ይከተላል። ጾሙ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ሰሌዳ ለዘንድሮ አይሆንም፤ በ2016 በመጋቢት መጀመሪያ የገባው ጾም በ2018 በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ገብቷል። በዚያ ወር የተሰጠ ፈተና የሚለካው የሙስሊም ተማሪዎችን ድካም ነው። ውጤቱ በኋላ ሲተነተን «በ2ኛው ወሰነ ትምህርት ውጤት ቀነሰ» ተብሎ ምክንያቱ በከንቱ ሲፈለግ ይኖራል። የመኸር አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የበልጉ ደግሞ በደጋው ሰኔ ላይ ልጆችን ከክፍል ይወስዳል፤ በገጠር ቀበሌ ያለ ጣቢያ ከወላጆች ጋር ተስማምቶ እነዚያን ሳምንታት ነፃ ቢያደርግና በሌላ ጊዜ ቢያካክስ መዝገቡም ልጆቹም ይጠቀማሉ።

ሴቶቹን በተመለከተ «የሴቶች ተሳትፎ ከፍተኛ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን አሳሳች ነው። በማታ ክፍል ሴቶች ቢበዙ በቀኑ ትምህርት ቤት ቦታ ያጡት እነሱ በመሆናቸው ነው። መጠየቅ ያለበት ስንቷ ገባች ሳይሆን ስንቷ እስከ ሰኔ ቆየች የሚለው ነው። የቤት ሠራተኛ አሠሪዋን ስትቀይር ሰፈርም ትቀይራለች። ከሮቢት ወደ ጢጣ ከሄደች በምሽት ያን መንገድ ተመልሳ መምጣት አትችልም፤ መልቀቂያ እንደሚያስፈልጋትም የነገራት የለም። ስለዚህ በምዝገባ ቀን መልቀቂያ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ በግልጽ ይነገር። አንዳንዴ 15 ደቂቃ ቀድሞ መልቀቅ ብቻ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ወደ ቤት መግባት ስለሚያስችል፣ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ተማሪ ያቆያል። የመብራት መጥፋትም ቀላል አይደለም፤ ባትሪ ያለው አምፖል ለአንድ ክፍል ሁለት ቢገዛ የጠፋ ክፍለ ጊዜ ይተርፋል።

የዓረብ አገሩን ጉዳይ ማንም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን መስፈርት አድርጎት ስለነበር፣ ለወረቀቱ ብለው የተመዘገቡ ተማሪዎች በየመዝገቡ ነበሩ። እንዲህ ያለች ተማሪ ከ8ኛ በኋላ ብትጠፋ አቋረጠች አይባልም፤ የመጣችበትን ይዛ ሄዳለች። ዓላማዋን በምዝገባ ቀን ሳይፈርዱ መጠየቅና መጻፍ የዓመቱን ቁጥር ይገልጠዋል።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። 12 ዓምድ ይበቃል፦ መለያ ቁጥር፤ ስም እስከ አያት፤ ጾታ፤ የትውልድ ዓመት ከ«ታ» (የታወቀ) ወይም «ግ» (ግምት) ምልክት ጋር፤ የመጣበት ወረዳ፤ የመጨረሻ ክፍልና ዓመቱ፤ የመግቢያ ንባብ፤ የመግቢያ ሒሳብ፤ ሥራና ፈረቃ፤ የገባበት ቀን፤ የወጣበት ቀን፤ የወጣበት ምክንያት። «የቤተሰብ ችግር» የሚባል ምክንያት አይጻፍ፤ ሁሉንም ስለሚይዝ ምንም አይናገርም። አሠሪ ተቀየረ፣ ፈረቃ አልገጠመም፣ አገባች፣ ውጭ ሄደች፣ ታመመ፣ ወደ ቀየው ተመለሰ፣ ሌላ፤ ሰባቱ ይበቃሉ። ምክንያቱ የሚገኘው በቶሎ ከተጠየቀ ነው። ሦስት ምሽት በተከታታይ የቀረ ተማሪ ዘንድ በአራተኛው ቀን ይደወል። ከወር በኋላ ስልኩ አይሠራም፤ የቅርብ ጓደኛውም ወሬው አይደርሰውም።

መዝገቡን ወደ ኤክሴል የሚያስገባ ሰው ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። አንዱ ቀን ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ 30/02/2016፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ሲጻፍለት የካቲታቸው 30 ቀን የለውምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ 12/02/2016ን ግን እንደ ቀን ይቀበለዋል። ጳጉሜን ጨርሶ አይገባውም። ዝርዝሩ በቀን ሲደረደር ቀን የሆኑት ከላይ፣ ጽሑፍ የሆኑት ከታች ይሄዳሉ፤ ስንት ተማሪ ዘግይቶ እንደገባ ለማወቅ የሞከረ ሰው ቁጥሩ አልገጥም ይለዋል። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይግቡ፤ ችግሩ ያበቃል። ሁለተኛው ስም ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ፤ ዓለምፀሐይ፣ አለምጸሃይ፤ ሰውየው አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ሁሉንም የተለያየ ሰው ያደርጋቸዋል። ተማሪዋ በአንደኛው ወሰነ ትምህርት በአንድ አጻጻፍ፣ በሁለተኛው በሌላ ከገባች አንዴ አቋራጭ፣ አንዴ አዲስ ገቢ ሆና ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። መለያ ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ማጣመሪያው ስም ሳይሆን ቁጥሩ ይሁን።

አሁን ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር እንይ። 14 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ሰው 7.1 በመቶ ነው። በፈተናው ዕለት አንዲት እናት ልጇ ታሞባት ብትቀር የትምህርት ቤቱ «አፈጻጸም» በ7 ነጥብ ይወርዳል። አምና ከ12ቱ 8 አልፈው 66.7፣ ዘንድሮ ከ9ኙ 5 አልፈው 55.6 ቢሆን «በ11 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ስብሰባ መጥራት ጊዜ ማባከን ነው። የተፈታኝ ቁጥር ከ30 በታች ሲሆን መቶኛ አይጻፍ እላለሁ። «ከ9ኙ 5» ተብሎ ይጻፍ። አዝማሚያ ማየት ካስፈለገ የሦስት ዓመት ተፈታኞች በአንድ ላይ ተደምረው ይታዩ።

በ12ኛ ክፍል ላይ ይህ ነገር ከሁሉ ይብሳል። በአገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበሩ። የ2016ን እንውሰድ። ተማሪዎቹ ልክ እንደ አገሩ አማካይ የሆኑ፣ ከማንም የማያንሱ፣ 10 ተፈታኝ ያሉት አንድ የማታ ትምህርት ቤት አንድም ሳያሳልፍ የመቅረት ዕድሉ ስንት ነው? አንድ ተማሪ የማያልፍበት ዕድል 0.946 ነው፤ ይህን በራሱ 10 ጊዜ ማባዛት፤ 0.57 ይመጣል። ከመቶ ሃምሳ ሰባት ጊዜ ዜሮ! 20 ተፈታኝ ቢኖሩት ወደ 0.33 ይወርዳል። 200 ተፈታኝ ያለው ትልቅ ትምህርት ቤት በተመሳሳይ ተማሪዎች ዜሮ የማምጣት ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች» የሚል ዝርዝር ሲወጣ ትንንሾቹ እዚያ ውስጥ የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ትንሽ መሆናቸው ነው። ይህን ስል የማታው ትምህርት ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ከላይ የተቆጠረው ሰዓት ብቻ ለችግሩ ምስክር ነው። ዝርዝሩ ግን ችግሩን አያሳይም። ደካማውንም ደህናውንም ትንሽ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ይጠራል።

አማካይ ውጤትም እንዲሁ ያታልላል። በአንድ ክፍል የ9 ተማሪዎች የሒሳብ ውጤት 22፣ 28፣ 31፣ 35፣ 41፣ 44፣ 47፣ 88፣ 93 ነው እንበል። አማካዩ 47.7 ነው፤ ክፍሉ ለማለፍ ጥቂት የቀረው ይመስላል። በተራ ሲደረደሩ መሐል ላይ ያለው ግን 41 ነው፣ ከ50 በላይ ያገኙትም ሁለት ብቻ ናቸው። አማካይ ለትንሽ ክፍል መዋል የለበትም፤ መሐለኛው ውጤትና ከ50 በላይ ያሉት ብዛት ይሻላል። እንዲህ ያለ ክፍተት በማታ ክፍል የተለመደ ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ከመቅረቱ በፊት 10ኛን የጨረሱ፣ አሁን ዳግም የተመለሱ ሰዎች ከአዲሶቹ ጋር ይቀመጣሉ። 88 እና 93 ያመጡት እነሱ ከሆኑ ክፍሉ ሁለት ክፍል ነው ማለት ነው። ማጠናከሪያውም ለሁለት መከፈል አለበት፤ ጎበዞቹ ሌላውን ቢያስረዱ ደግሞ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ውጤት በጾታ፣ በሥራ፣ በመጡበት ቦታ ሲከፋፈል አንድ ጥንቃቄ አለ። በ19 ተማሪ ክፍል «ከሳዑዲ የተመለሱ ሴቶች፦ 2፣ ያለፉ፦ 0» ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ስማቸውን ከመለጠፍ አይለይም። ተፈናቃይ የሚለውም እንዲሁ። ከ5 ሰው በታች የሆነ ክፍልፋይ ከመምህራን ክፍል መውጣት የለበትም። ለወረዳው በሚላከው ሪፖርት «ሌላ» ውስጥ ይጠቃለል፤ ለማስተማር የሚያስፈልገው ዝርዝር በክፍል ኃላፊው እጅ አለ።

ሪፖርቱ ራሱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ከላይ የተማሪ ፍሰት፦ በመስከረም የገባ፣ ዘግይቶ የገባ፣ በመልቀቂያ የወጣ፣ ያለ መልቀቂያ የቀረ፣ ለፈተና የተቀመጠ፣ ያለፈ። ስድስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ከተጻፉ የትኛውም አንባቢ የፈለገውን ምጣኔ ራሱ ያሰላል፤ የትኛውም አይደበቅም። ከሥር የመግቢያና የሰኔ ንባብ መሐለኛ ውጤት፣ ሁለቱንም ምዘና በወሰዱት ተማሪዎች ብቻ። እዚህ ላይ ስሕተት ይበዛል፦ የጥቅምቱን ለ38፣ የሰኔውን ለ19 አስልቶ «እድገት» ማለት አይቻልም። የቀሩት ደካማዎቹ ከሆኑ ማንም አንድ ቃል ሳይማር ቁጥሩ ይጨምራል። ከዚያ የመቅረት ምክንያቶች በብዛት ቅደም ተከተል። መጨረሻ ላይ በእነዚያ ምክንያቶች ላይ የተደረገው ነገር፤ የተለወጠ ሰዓት፣ የተነጋገሩት ፋብሪካ፣ የተገዛ አምፖል።

አምና ቀርተው ዘንድሮ የሚመለሱት ደግሞ አዲስ መለያ ቁጥር አይሰጣቸው። በድሮ ቁጥራቸው ይግቡ፤ የወጡበት ቀን ጎን የተመለሱበት ይጻፍ። «ደጋሚ» ተብለውም አይቆጠሩ፤ ደጋሚ ዓመቱን ተምሮ የወደቀ ነው፣ እነዚህ ግን በጥር ሄደው በመስከረም የተመለሱ ናቸው። የአንደኛ ወሰነ ትምህርት ውጤታቸው ካለ ይቀመጥላቸው፣ የመግቢያውን ምዘና እንደገና ይውሰዱ፤ ምን እንደረሱና ምን እንደያዙ ከመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል።